የአስታዋሹ ልጅ

አሮጌው ንጉሥ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጎዳናው ገና ጭቃ ሳለ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት በንጉሣዊው ትያትር ቤት ባዶ መድረክ ላይ ተንበርክካ ወለሉን በጠመኔ ታሰምር ነበር። ሰባት መቶው ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተደርድሯል፤ ከጣሪያው ሥር ካለው መስኮት የገባው ብርሃን ከአቧራ በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረም። መድረኩ ወደ ውስጥ አርባ እርምጃ ይዘልቃል። ሴትዮዋ የምታሰምረው ጣውላው ያለቀበትን ቦታ ነበር። ዘፋኞች ስልሳ ዓመት የረገጡት ወለል ቀለሙ ተልጦ፣ እንጨቱ ጎድጉዶ፣ በግማሽ ክብ ቅርጽ ይታያል፤ ግማሽ ክቡ ከመድረኩ አፋፍ ካለች ትንሽ ጉድጓድ ይነሣና ስድስት እርምጃ ሳይሄድ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወለል ግን መድረኩ በተሠራ ጊዜ የተቀባው ቀለም ሳይነካ ነበር።

«ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ምንጣፍ በምታህል ቦታ ላይ ሲጋፉ ኖረዋል» አለች። የሰማት ሰው አልነበረም።

በዚያች ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው አባቷ ነበር። በዚያ ዘመን አስታዋሽ የሌለው የኦፔራ መድረክ አይታወቅም፤ አስታዋሹ ወገቡ ከወለሉ በታች፣ ራሱ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር ሆኖ፣ ደብተሩን በትንሽ ፋኖስ እያየ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ የሚቀጥለውን ቃል አንድ ምት ቀድሞ በሹክሹክታ ያቀብላል። አባትየው ይህን ሥራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶታል። ሹክሹክታው ስምንት እርምጃ ይደርሳል፤ ዘጠነኛው ላይ የለም፤ በመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጡ መኳንንት እንኳ አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ልጅቱ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በእግሩ ሥር ተቀምጣ አደገች፤ ዘፋኞቹን በጫማቸው ለየች፤ ኦፔራዎቹንም ሁሉ ፊደል ሳትቆጥር በቃሏ ያዘች። አሮጌው ንጉሥ ሲያርፉና የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ሲበታተኑ የቀድሞው የመድረክ ሹም ከሄዱት ጋር ሄደ። ሥራው ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚገባ ከመንገር ያለፈ ስላልነበረ የትያትር ቤቱ አዛዥ ሹመቱን ለእርሷ ሰጧት። የፈለገው ሌላ ሰው አልነበረም። ሰዉም ከሹመቱ በኋላ እንደ በፊቱ «የአስታዋሹ ልጅ» እያለ ጠራት።

ወለሉን ባሰመረችበት ሳምንት ትእዛዝ መጣ። ስለ ሕፃኑ ንጉሥ ሆነው አገሩን የሚያስተዳድሩት ልዑል እንደራሴ ከጎረቤቱ መንግሥት ጋር ውል ሊዋዋሉ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስት ከተሞች ያለ ጦርነት ይሰጣሉ፤ መልእክተኞቹ በአርባኛው ቀን ይገባሉ፤ በክብራቸውም ኦፔራ ይቀርባል። እንደራሴው ኦፔራውን ራሳቸው መርጠዋል። ታሪኩ የተከበበች ከተማ ነው፤ ከባቢዎቹ የበሩን ሻለቃ በመያዣነት ይጠይቃሉ፤ ሻለቃው ከተማውን ለማዳን እጁን ሊሰጥ ይወጣል፤ ሚስቱም በመጨረሻው ዜማ «ሂድ፤ ቃልህን ጠብቅ» ብላ ትሸኘዋለች። ሰው አሳልፎ መስጠት እንዴት ያለ ክቡር ነገር እንደሆነ ሕዝቡ አይቶ ይማር ተብሎ ነው።

ለእርሷ ከሦስቱ ከተሞች ይልቅ ሠላሳ አራቱ ያልተረገጡ እርምጃዎች ይበልጡባት ነበር። ይህን ማሳመር አያስፈልግም።

ከተቀባዮቹ ጀመረች። አርባ ሁለት ነበሩ፤ እንደ ልማዱ ወንዱ በግራ፣ ሴቱ በቀኝ፣ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ለዋናዎቹ ዘፋኞች ይቀበላሉ። ሰልፉን በተነችውና ለእያንዳንዳቸው ሙያ ሰጠች።

«አንቺ ዳቦ ጋጋሪ ነሽ» አለቻት አንዲትን ወፍራም መበለት። «ዱቄት ካለቀብሽ አራት ቀን ሆኖሻል።»

«ዱቄት ካለቀ ታዲያ ምን ልጋግር?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ። ጠዋት ተነሥተሽ እጅሽን ምን ታደርጊዋለሽ?»

መበለቲቱ እጆቿን አየቻቸው፤ ከሆዷ ላይ ሲወርዱ የት እንደሚቀመጡ አላወቀችም።

«እኔስ?» አለ ሽበታሙ የወፍራም ድምፅ ዘፋኝ።

«እርስዎ ሰዓት ጠጋኝ ነዎት።»

«ከተማው ተከቦ ማን ሰዓት ያሠራል?»

«ማንም። ስለዚህ በር ላይ ቆመው ይውላሉ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሜ ስውል ገና ዛሬ ምክንያቱን ሰማሁ!» አለ ሽማግሌው፤ ተቀባዮቹ ሳቁ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ማንም በቁመቱ አልተሰለፈም።

ዋናዎቹ ዘፋኞች እንዲህ ቀላል አልነበሩም። ሻለቃውን የሚዘፍነው ሰው አንዴ ከጉድጓዱ ፊት ከቆመ ስለማይነቃነቅ «ግንዱ» ይሉታል። ሚስቲቱን የምትዘፍነው ሴት ሃያ ሰባት ዓመት የአገሩ አንደኛ ድምፅ ሆና የኖረች ናት፤ በትያትር ቤቱ ከአዛዡ ጀምሮ እስከ ጠራጊው ድረስ «ታላቋ እመቤት» ይሏታል፤ እርሷም ስሙ ይበዛብኛል ብላ አታውቅም። የአስታዋሹ ልጅ ሁለቱን አርባ እርምጃ አራራቀቻቸው፤ እርሱን ከመድረኩ ጀርባ ከበሩ ሥር፣ እርሷን ከፊት አቆመቻቸው፤ ሲሰናበቱ ፊት ለፊት እንዲተያዩም አዘዘች። አልተቻለም። ሁለቱም ዓይናቸው ሳይታወቃቸው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ግንዱም ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ በሦስተኛው መስመር ላይ ከአስታዋሹ ፊት ይገኛል።

አዛዡ ዘንድ ገባች።

«ጉድጓዱ ይዘጋልኝ፣ ጌታዬ።»

አዛዡ ብዕራቸውን አኖሩ። «ጉድጓዱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«ዓይናቸውን ይወስድብኛል። ባል ሚስቱን ሲሰናበት የሚያየው የአባቴን መላጣ ነው።»

«በዓለም ላይ ያለ አስታዋሽ የሚዘፍን ማን ነው?»

«ወፎች።»

አዛዡ አልሳቁም። «አባትሽ ሰምቷል?»

«ዛሬ ይሰማል።»

«አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ አይባባም?»

«እኔ የለመንኩዎ ጣውላ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጣውላውን ውሰጂ» አሉ አዛዡ ብዕራቸውን መልሰው እያነሡ፤ «ግን አንዲት ቃል በእንደራሴው ፊት ብትጠፋ ጉድጓዱ በማግስቱ ይከፈታል፤ አንቺ ደግሞ በዚያው ቀን ከዚህ ቤት ትወጫለሽ። ሁለተኛም የመድረክ ነገር በአፍሽ አይነሣም።»

አባትና ልጅ የሚኖሩት ከትያትር ቤቱ በስተጀርባ፣ የመጋረጃ ሠዓሊዎቹ ከሚሠሩበት አዳራሽ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር፤ ቤቱ ክረምት ከበጋ ሙጫና ቀለም ይሸታል። አባትየው ለጉሮሮው ሲል ሞቅ ያለ ውኃ ብቻ ይጠጣል፤ ቤት ውስጥም ቢሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። እርሷም ከእርሱ ጋር ስትሆን ትንሾካሾካለች፤ ሁለቱ ሲያወሩ ከውጭ የሚሰማ ሰው ቤቱ ባዶ ይመስለዋል።

«አባባ፣ ጉድጓዱን ልዘጋው ነው።»

«ውኃ ገባው እንዴ?»

«አልገባውም። ልዘጋው ነው።»

ኩባያውን አስቀመጠ። «ለስንት ቀን?»

«ከሆነልኝ ለሁልጊዜ።»

አንድ ጉንጭ የሚያህል ውኃ ኩባያው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እርሱን አየ። «እኔስ የት ልቀመጥ?» አለ፤ አንድ ሰው ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞበት ሲያገኝ እንደሚጠይቀው ነበር የጠየቀው።

«አዳራሹ ውስጥ፤ እንደ ሰው ወንበር ላይ።»

«እንደ ሰው» አለ። «ጣውላውን ማን ይመታዋል?»

«አናጢዎቹ።»

«እኔ እመታዋለሁ። እነሱ ከመቱት ሲረገጥ ይጮሃል።»

በማግስቱ ጠዋት መዶሻ ይዞ መጣ፤ ጉድጓዱን በስድስት ጣውላ ዘጋ፤ በላዩ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት፤ አልጮኸም። ከዚያ ወርዶ በመጀመሪያው ረድፍ መካከል፣ ከተዘጋው ጉድጓድ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መድረኩን ከጉድጓዱ ውጭ ሆኖ ሲያየው በሃያ ዘጠኝ ዓመት ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

«ለካ ይኼ ሰውዬ ግንባር አለው!» አለ ወደ ግንዱ እያየ፤ ልጁ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ አብረው የሳቁበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

ልምምዱ ሠመረ። ታላቋ እመቤት ከፊት፣ ግንዱ ከኋላ ሆነው ተዘፋፈኑ፤ አንዲት ቃል አልጠፋችም፤ የሙዚቃው ሹም እንኳ በትሩን አስቀምጦ «ተአምር ነው» አለ። ይህ ሃያ አምስት ቀን ቆየ። ትእዛዙ በመጣ በሠላሳ አራተኛው ቀን የአስታዋሹ ልጅ የተቀባዮቹን አካሄድ ከላይ ለማየት ሦስተኛው ሰገነት ላይ ወጣች፤ ከዚያ ሆና ቁልቁል ስታይ የተቀባዮቹን አካሄድ ረሳችው። ሁሉም ዘፋኞች የሚያዩት አንድ ቦታ ነበር። የመጀመሪያውን ረድፍ መካከል፣ የአባቷን ወንበር። የአባቷም ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

ወረደች። የበር ጠባቂውን «አባቴን ለአንድ ጉዳይ ጥራልኝ» አለችው። አባትየው ተነሥቶ ወጣ። ታላቋ እመቤት ሁለት መስመር ዘፈነችና ቆመች፤ ጉሮሮዋን ያዘች።

«ከረከረኝ» አለች። «ይኼ የሙጫ ሽታ ነው የገደለኝ!»

አባትየው ተመለሰ፤ ጉሮሮዋ ዳነ። ከሰዓት በኋላ እንደገና አስወጣችው፤ እንደገና ከረከራት። በማግስቱ ለሦስተኛ ጊዜ አስወጣችው፤ በዚህ ጊዜ እመቤት የመስኮት ንፋስ መታኝ ብላ መስኮት አስዘጋች። ነገሩ ግልጽ ሆነ። የአገሩ አንደኛ ዘፋኝ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ዜማ እስከ መጨረሻው አጥንታ አታውቅም ነበር። ውሸታም አልነበረችም። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ምት ቀድሞ፣ ከትንፋሿ ጋር አብሮ ስለሚደርሳት፣ ከራሷ ልብ የመጣ መስሏት ኖራለች። ያጠናሁትን እዘፍናለሁ ስትል ከልቧ ነበር።

የአስታዋሹ ልጅ በማግስቱ ቁርስ ላይ ለአባቷ ነገረችው።

«አባባ፣ እስከ ዕለቱ ድረስ ወደ ልምምድ አይምጡ። በዕለቱም አይምጡ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አፍዎ ይናገራል።»

እጁን ወደ ከንፈሩ አነሣ፤ በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው። ያላወቀው መሆኑን አየች፤ ቢሆንም አላቆመችም።

«ቃሉን እንደማታውቀው ያውቁ ነበር?»

«ማን?»

«ታላቋ እመቤት ነቻ።»

«ሥራዬ እኮ ነው፣ ልጄ። ሐኪም የሰው ገላ አይቶ አደባባይ ያወራል?»

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

«በአራት ቀን ታጠናዋለች።»

«አታጠናውም። አታውቂውም ካላልሻት ምን ብላ ታጥና? ካልሻት ደግሞ አትዘፍንልሽም።» ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ተይኝ፣ የመጨረሻው ረድፍ ልቀመጥ። ምሰሶ ኋላ።»

«ያገኙዎታል። የትም ቢቀመጡ ያገኙዎታል።»

አባትየው ኩባያውን አንሥቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ፤ ጀርባውን እንደ ሰጣት፣ «እንደ ወደድሽ» አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎንበስ ብሎ የኖረ አንገት ስለነበረው ከኋላ ሲታይ ሁልጊዜ እሺ ያለ ይመስላል፤ በዚያ ጠዋት ልዩነቱን ለማወቅ ዞራ አላየችም። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመር ነበር።

በአራቱ ቀናት የእርምጃ ልምምድ ነው እያለች ታላቋን እመቤት የመጨረሻውን ዜማ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ አዘፈነቻት። እመቤት ንፋሱን ሰደበች፤ ሙጫውን ሰደበች፤ የመድረክ ሹሟንም «የአስታዋሽ ልጅ፣ ከጉድጓድ ወጥተሽ እኔን ልታስተምሪ!» ብላ ሰደበቻት። በመጨረሻው ቀን ዜማውን ሁለት ጊዜ ሳትሰናከል ዘለቀችው። ሁለት ጊዜ ይበቃ ይሆናል፤ ላይበቃም ይችላል። የሚያማክራት ሰው አልነበረም፤ ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቤት እንዲቀር ታዟል።

ሕፃኑ ንጉሥ ቶሎ ስለሚተኛ ኦፔራው የተጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ፤ ከዚያ በየትኛውም ኦፔራ ቤት ያልተደረገ ነገር ተደረገ፤ የአዳራሹ የጋዝ መብራት እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ፤ መድረኩ ብቻ በራ። በዚያ ዘመን ሰው ኦፔራ የሚገባው ሊታይም ነበርና ሰባት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አጉረመረመ፤ ከሁለተኛው ሰገነት አንዲት ወይዘሮ «ዘረፋ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ጠባቂዎች ወደ እንደራሴው ሰገነት ሮጡ። እንደራሴው እጃቸውን አንሥተው መለሷቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ግን ዝም ተባለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ባዶ ገበታዋን ትጠርጋለች፤ ሰዓት ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሟል፤ አርባ ሁለት ሰው እያንዳንዱ የየራሱን ቀን ይኖራል፤ ሲቀበሉም እያንዳንዱ ከቆመበት ነው። ሰዉ የሚያያቸው ተቀባዮች መሆናቸውን ረሳ። ከወንዙ ማዶ ዘመድ ያላቸው ብዙዎች ነበሩ።

የመጨረሻው ዜማ ደረሰ። ግንዱ ከበሩ ሥር፣ ታላቋ እመቤት ከፊት ቆመዋል። የአስታዋሹ ልጅ ከተቀባው የከተማ ግንብ ኋላ፣ ከእመቤት ሰባት እርምጃ ላይ ነበረች። የሙዚቃው ሹም በትሩን አወረደ፤ መሣሪያዎቹ መግቢያውን ተጫወቱ፤ እመቤት አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

የሙዚቃው ሹም መግቢያውን አስደገመ። እመቤት ወደ ወለሉ አየች፤ እዚያ ስድስት ጣውላ አለ። ወደ መጀመሪያው ረድፍ አየች፤ በአስታዋሹ ወንበር ላይ አንድ ጺማም መልእክተኛ ተቀምጧል። ሹሙ መግቢያውን ለሦስተኛ ጊዜ አስደገመው።

የአስታዋሹ ልጅ ቃሉን ታውቀው ነበር። ሂድ። አንዲት ቃል ናት፤ ሰባት እርምጃ ነው፤ ሹክሹክታውን ከአባቷ ወርሳለች፤ ማንም ሳይሰማ ልታደርሰው ትችላለች። ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችው። እዚያው ያዘችው። ለምን እንደያዘችው በኋላ ብዙ ጊዜ ለራሷ አስረድታለች፤ ከሰጠቻት የሴትዮዋ ዓይን ለዘላለም ወደ መድረኩ ጎን እንደሚዞር፣ ጉድጓዱም ተዘግቶ ሌላ እንደሚከፈት። እውነት ነው። ሌላም እውነት ነበር፤ አስታዋሽ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለማየት ፈልጋለች። ምቶቹን ቆጠረች። አሥራ ሁለት ሆኑ።

ታላቋ እመቤት የምታይበት ቦታ ሁሉ ሲያልቅባት ቀና አለች፤ አርባ እርምጃ ርቆ የቆመውን ሰው አየችው። ግንዱ ደንግጦ ፊቱ ነጥቷል፤ ሊሄድ አንድ እግሩን በሩ ውስጥ አግብቷል። ሚስት እንዲህ ላለ ሰው የምትለው ነገር የታወቀ ነው።

«አትሂድ» ብላ ዘፈነች።

ዜማው ለሌላ ቃል የተሠራ ስለነበር ሦስት ጊዜ ደገመችው። ግንዱ ቆመ። የእርሱ ምላሽ «ካልሽ እሄዳለሁ» የሚል ስለሆነ የሚለው አልነበረውም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ላይ በራሱ ፈቃድ ተራመደ፤ ወደ እርሷ። ዳቦ ጋጋሪዋ ገበታዋን አስቀምጣ «አትሂድ» ብላ ተቀበለች፤ ከዚያ ሰዓት ጠጋኙ፤ ከዚያ ሌሎቹ ከየቆሙበት። ያዘዛቸው አልነበረም። አዳራሹ ቆመ። ሰዉ በጨለማው ውስጥ እያለቀሰ ከተቀባዮቹ ጋር ጮኸ፤ መልእክተኞቹ ተያዩ፤ እንደራሴው እንደ ተቀረጸ ድንጋይ ሆነው ተቀመጡ። ሕፃኑ ንጉሥ ግን አጨበጨበ፤ ማንም ሊከለክለው አልቻለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ገባች። አባትየው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሰገነቶቹ የወረደ ሰው እየጮኸ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ነገሩን ሁሉ ሰምቶታል።

«ስንት ምት ዝም አለች?»

«አሥራ ሁለት።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ከግንቡ ኋላ።»

«ስንት እርምጃ?»

«ሰባት።»

«ቃሉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«አፍሽ ላይ ነበር።»

«ነበር።»

«እና አልሰጠሻትም።»

«ኦፔራው ሠመረ እኮ፣ አባባ! ሰዉን አልሰሙትም? እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ሆኖ አያውቅም።»

«ሰማሁት» አለ። «አሥራ ሁለት ምት ግን ብዙ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ነበረች።»

አልተቆጣም፤ ራቱን በላ፤ ኩባያውን አጠበ፤ ደኅና እደሪ ብሏት ገባ። ዘፋኝ ሲጠፋበት ቃሉን ይዞ ዝም ማለት በእርሱ ሙያ ስም የሌለው ነገር ነበር፤ ማንም አድርጎት ስለማያውቅ ስም አልወጣለትም።

ሦስቱ ከተሞች በዘጠነኛው ቀን ተሰጡ፤ ኦፔራው ያስቀረው ነገር የለም። እንደራሴው ታላቋን እመቤት አስጠርተው ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቋት። ረሳሁ ለማለት እንኳ አላሰበችም፤ ልቧ ስለ አገሯ እንዳዘዛት ተናገረች፤ በሦስተኛው ቀን ይህን ራሷ አምናዋለች። አንድ ዓመት ከከተማ ተባረረች፤ ስትመለስ ሕዝቡ ሠረገላዋን በትከሻው ገፋ። የታሪክ መጻሕፍት ያንን ከሰዓት በኋላ «የታላቋ እመቤት ዝምታ» ይሉታል፤ ተማሪዎች ዛሬም ያጠኑታል። የሙዚቃው ሹም በጻፈው ማስታወሻ መግቢያውን ሦስት ጊዜ ያስደገመው ሴትዮዋን ለማደፋፈር አስቀድሞ ተመካክሮ እንደሆነ ይናገራል። አዳራሽ የማጨለሙን ጥበብ የሌላ ከተማ አናጺ አገኘው ተብሎ ተመዘገበ። ተቀባዮችን በቁመት ማሰለፍ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በየቤቱ ቀረ፤ ማን እንዳስቀረው የጠየቀ አልነበረም፤ የቀረ ነገር ባለቤት የለውምና።

የአስታዋሹ ልጅ ከቤቱ አልተባረረችም፤ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ወንበር አልበቃው ስላለ አዛዡ ዛቻቸውን ረሱት። አሥራ አራት ኦፔራ አዘጋጀች። አባቷ አንዱንም አላየም። አይምጡ ያለችው ለዚያ ኦፔራ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ይምጡ ብላ አልጠራችውም፤ እርሱም ልምጣ ብሎ አልጠየቀም። በየማለዳው አብረው ቁርስ በሉ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሠዓሊዎቹ ጠብ አወሩ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን እርሷ ደረጃውን ወርዳ ግቢውን ታቋርጣለች። ከመስኮቱ እስከ መድረኩ በር መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር።

የትያትር ቤቱ የልምምድ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ በእርሷ እጅ የተጻፈ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተዘለለ ቀን የለበትም፤ ከተማውን ወረርሽኝ በመታበትም ወራት፣ እንደራሴው በወደቁበት ሳምንት እንኳ ልምምድ ነበር። በመዝገቡ በስምንተኛው ዓመት ግን በአንድ ሐሙስ ቀን አንዲት መስመር አለች፤ «ዛሬ ልምምድ የለም» ትላለች። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ግን ከሠዓሊዎቹ አዳራሽ በላይ ቁርስ የሚበላው አንድ ሰው ብቻ ነበር። መዝገቡን የመረመሩ ሊቃውንት በዚያ ዘመን የከተማው ጋዝ አልፎ አልፎ ይቋረጥ እንደነበረ ጠቅሰው፣ በዚያም ቀን ተቋርጦ ሊሆን ይችላል ብለዋል።